ሥርዓት የሌለው ፎቶካታሊስት፦ አቶሞቹ የት የት እንዳሉ በምን ይታወቃል?

ጥያቄ፦ «እህታችሁ ነኝ፤ የማስተርስ ጽሑፌን እየሠራሁ ነው። ሜላሚን 550 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ አሙቄ ቢጫ ዱቄት አገኘሁ። ትንሽ ፕላቲነም ጨምሬበት ብርሃን ሲያርፍበት ከውሃ ሃይድሮጂን ያወጣል፤ እሱ ላይ ችግር የለም። በኤክስሬይ ዲፍራክሽን (የተበተነው ኤክስሬይ በየማዕዘኑ ሲለካ) ግን በግራፉ ላይ የሚታዩት ሁለት ፒኮች ብቻ ናቸው፤ አንዱ 13 ዲግሪ አካባቢ ደከም ያለ፣ ሌላው 27.4 ላይ ሰፋ ያለ። እኔም እንደ ሰው የግራፊቲክ ካርቦን ናይትራይድን ሥዕል ለጥፌ አለፍኩ። ገምጋሚው ‹ይህ ሥዕል የእርስዎ ናሙና ለመሆኑ ማስረጃዎ ምንድን ነው?› አለኝ። ክሪስታል ያልሆነ ነገር መዋቅሩ የሚወሰነው እንዴት ነው? ፒዲኤፍ የሚባለውን፣ የአቶም ጥንዶችን ርቀት የሚያወጣውን ልኬት፣ ባሠራ ብቻውን ይበቃኛል ወይ?»

መልስ፦ እህቴ፣ ገምጋሚው አበሳጭቶሽ ይሆናል፤ ጥያቄው ግን ተገቢ ነው። ያ ሥዕል በስንት ጽሑፍ ላይ እየተገለበጠ እንደሚለጠፍ አንቺም አይተሻል። ሄፕታዚን የሚባሉት ሦስት ሦስት ቀለበት ያላቸው ክፍሎች በናይትሮጂን ተያይዘው ጠፍጣፋ፣ ማለቂያ የሌለው መረብ ሠርተዋል። ሲያዩት ያምራል። ሜላሚን አሙቆ የሚገኘው ዱቄት ግን አብዛኛውን ጊዜ እንደዚያ አይደለም።

አጭሩ መልስ ይኸው፦ ፒዲኤፍ ብቻውን አይበቃሽም። መጀመሪያ የሚሮጡበትም ነገር አይደለም። ሲንክሮትሮን (ኃይለኛ ኤክስሬይ የሚያመነጭ ትልቅ ተቋም) ደጅ ሳትደርሺ፣ አሁን እጅሽ ላይ ባለው ዳታ ብቻ ሥዕሉን ልትጥዪው ትችያለሽ። ከዚያ ልጀምር።

ወረቀትና እርሳስ ያዢ። በመዳብ ኤክስሬይ ነው የለካሽው ብዬ ልውሰድ፤ የሞገድ ርዝመቱ 1.5406 አንግስትሮም ነው (አንድ አንግስትሮም የናኖሜትር አንድ አሥረኛ ነው)። የፒክን ማዕዘን ወደ ርቀት የሚለውጠውን የብራግን ቀመር ብትጠቀሚ 27.4 ዲግሪ ላይ ያለው ፒክ 3.25 አንግስትሮም ይሰጥሻል። ይህ በሽፋንና በሽፋን መካከል ያለው ርቀት ነው፤ እሱ ላይ ማንም አይከራከርሽም። 13.0 ዲግሪ ላይ ያለው ደግሞ 6.8 አንግስትሮም ይሰጣል። ጣጣው ያለው እዚህ ነው።

የለጠፍሽው ሥዕል እውነት ቢሆን፣ መረቡ በየ7.1 አንግስትሮም ገደማ ይደገማል። ብዙ ሰው 6.8ን ከ7.1 ጋር አስተያይቶ «ያው ነው፣ መረቡ ትንሽ ዘመም ስላለ ነው ያጠረው» ብሎ ያልፋል። ይህ ግን ውሃ አያነሳም። 7.1 የድግግሞሹ ርዝመት ነው። በባለ ስድስት ማዕዘን መረብ የመጀመሪያው ፒክ የሚያሳየው የድግግሞሹን ርዝመት ሳይሆን በረድፎቹ መካከል ያለውን ርቀት ነው፤ እሱም 7.1 በ0.866 ተባዝቶ 6.2 አንግስትሮም ገደማ ይሆናል። ፒኩ መታየት የነበረበት 14.3 ዲግሪ አካባቢ ነው። የአንቺ 13.0 ላይ ነው። የ1.3 ዲግሪ ልዩነት የማሽን ስህተት አይባልም። መረቡ ቢዘምና ቢሸበሸብ ደግሞ ርቀቱ ይበልጥ ያጥራል፤ ፒኩም ወደ ከፍተኛ ማዕዘን ይሄዳል። የአንቺ የሄደው ወደ ተቃራኒው ነው። እንግዲህ ገምጋሚው ባይጠይቅሽም ዳታሽ ራሱ ሥዕሉን እየተቃወመ ነበር።

ሁለተኛው ርካሽ ፈተና የንጥረ ነገር ትንተና ነው። ፍጹም የተያያዘው መረብ ፎርሙላው ሲ3ኤን4 ነው፤ በክብደት 39.1 በመቶ ካርቦንና 60.9 በመቶ ናይትሮጂን። ሃይድሮጂን ዜሮ። በከፊል ብቻ የተያያዘው ሜሎን የሚባለው ደግሞ ሲ6ኤን9ኤች3 ነው፤ 35.8 በመቶ ካርቦን፣ 62.7 በመቶ ናይትሮጂን፣ 1.5 በመቶ ሃይድሮጂን። ዱቄቱ ከአየር ውሃ ስለሚስብ ሁሉም ቁጥር ትንሽ ይዛባል። ስለዚህ መቶኛውን ትተሽ ካርቦንን ለናይትሮጂን አካፍዪው፤ ውሃ ይህን ምጣኔ አይነካውም። በአቶም ቆጠራ ለመረቡ 0.75፣ ለሜሎን 0.67 ነው። ያንቺ ወደ 0.67 ከቀረበ ነገሩ አለቀ ማለት ይቻላል። ሰው ይህን ልኬት እንደ ተራ ነገር ያየዋል። እኔ ግን አንድ ጽሑፍ በእጄ ሲገባ መጀመሪያ የምፈልገው ቁጥር እሱ ነው። የአቶሞቹ ብዛት ያልተስማማለት መዋቅር ሌላው ሁሉ ቢያምርለት ዋጋ የለውም።

ሜሎን አዲስ ግኝት አይደለም። ሊቢግ እ.ኤ.አ. በ1834 ገልጾታል። መዋቅሩ በቅጡ የተፈታው ግን እ.ኤ.አ. በ2007 ነው፤ ለዚያውም በአንድ መሣሪያ ሳይሆን ኤሌክትሮን ዲፍራክሽንን፣ የጠጣር ኤንኤምአርን (አቶሞችን በማግኔት የሚመረምረውን ልኬት) እና የኮምፒውተር ስሌትን አንድ ላይ አድርጎ። የወጣው መዋቅር መረብ ሳይሆን ሰንሰለት ነው። ሄፕታዚኖቹ በኤንኤች ድልድይ ተያይዘው ዚግዛግ ይሄዳሉ፤ ጎን ለጎን ያሉ ሰንሰለቶች ደግሞ በሃይድሮጂን ቦንድ ተጠጋግተው ሽፋን ይሠራሉ። ስሙ ከወጣለት 173 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ስለዚህ ያንቺ ዱቄት በአንድ ሳምንት አልፈታ ቢል አትደነቂ።

አሁን «መዋቅር» ስንል እዚህ ምን ማለታችን እንደሆነ እንነጋገር። በክሪስታል ነገሩ ቀላል ነው። አንድ ትንሽ ሳጥን፣ ውስጧ ጥቂት አቶሞች፣ ከዚያ ድግግሞሽ። ሥርዓት በሌለው ነገር ግን ሳጥን የለም። ይህ ማለት ሁሉም ነገር ዝብርቅርቅ ነው ማለት አይደለም። ካርቦን አሁንም ከሦስት ናይትሮጂን ጋር ነው የሚያያዘው፤ ርቀቱም ከ1.3 እስከ 1.4 አንግስትሮም ውስጥ ነው። ኬሚስትሪው አይዛባም። የሚዛባው ራቅ ሲባል ነው፤ ሰንሰለቱ የት ላይ ይቋረጣል፣ ጎረቤቱ በየት በኩል ይጠጋዋል፣ ከላይ ያለው ሽፋን በስንት ተንሸራቷል። ስለዚህ «መዋቅሩ ምንድን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ለሁለት ክፈዪው። እስከ ስንት አንግስትሮም ድረስ ሥርዓት አለ? ከዚያ ወዲያ የሚበላሸውስ የትኛው ግንኙነት ነው? ለነዚህ ሁለቱ መልስ ካገኘሽ መዋቅሩን ወስነሻል ማለት ነው። ከዚያ በላይ የሚጠይቅሽ ሰው የሌለ ነገር ነው የሚፈልገው።

በቅርቡ ርቀት ጌታው ኤንኤምአር ነው። ለካርቦን ናይትራይድ በተለይ። ኤክስሬይ ካርቦንንና ናይትሮጂንን ለመለየት ይቸገራል፤ 6 ኤሌክትሮንና 7 ኤሌክትሮን ናቸውና። ኤንኤምአር ግን ጎረቤት ነው የሚያየው። በካርቦን-13 ልኬት ሁለት ሲግናሎች ትጠብቂያለሽ፤ 156 ፒፒኤም አካባቢ በሦስቱ ቀለበቶች መሐል ባለው ናይትሮጂን ላይ የተንጠለጠሉት ካርቦኖች፣ 164 አካባቢ ደግሞ ከኤንኤች ወይም ከኤንኤች2 ጋር የተያያዙት። በናይትሮጂን-15 ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ግልጽ ነው፤ ኤንኤች2፣ ኤንኤች፣ የቀለበት ናይትሮጂንና የመሐሉ ናይትሮጂን ለየብቻ ይወጣሉ። የመሐሉ ናይትሮጂን ከታየ ሄፕታዚን አለ፤ ትራያዚን (ባለ አንድ ቀለበቱ ዘመዱ) እንዲህ ዓይነት ናይትሮጂን የለውም። ይህን የመሰለ ቁርጥ ያለ መልስ ሌላ መሣሪያ አይሰጥሽም።

ሁለት ማስጠንቀቂያ ልጨምርበት። በተፈጥሮ ናይትሮጂን-15 ከጠቅላላው 0.37 በመቶ ብቻ ስለሆነ፣ በናይትሮጂን-15 የበለጸገ መነሻ ካልተጠቀምሽ ልኬቱ በጣም ረጅም ጊዜ ይፈልጋል። ሌላው፣ ብዙ ላብራቶሪ የሚሠራው ከሃይድሮጂን ጉልበት በማሻገር ነው። በዚህ ዘዴ ለሃይድሮጂን ቅርብ የሆኑት ናይትሮጂኖች ቶሎ ይጎላሉ፤ ከሃይድሮጂን የራቀው የመሐሉ ናይትሮጂን ዘግይቶ ነው የሚነሳው። የማሻገሪያውን ጊዜ ሳትቀያይሪ ከፒኮቹ ሥር ያለውን ስፋት አነጻጽረሽ «ይህን ያህል ኤንኤች2 አለ» ካልሽ ቁጥሩ ያሳስትሻል።

ኢንፍራሬዱን ደግሞ ሠርተሽው ይሆናል። 810 (በሴንቲሜትር የሞገድ ቁጥር) አካባቢ ያለውን ሹል ፒክ ሁሉም ሰው «የሄፕታዚን ምልክት» ይለዋል። ትራያዚንም እዚያው አካባቢ ስላለው ብቻውን አታምኚው። ከ3000 እስከ 3300 ያለው የኤንኤች ጉብታ ግን ይጠቅምሻል። እሱ ጎላ ብሎ እያለ ሃይድሮጂን የሌለው ሥዕል መለጠፍ ዓይን ያወጣ ነገር ነው።

ወደ ፒዲኤፍ ልምጣ፤ የጠየቅሽውም እሱን ነው። ተራው ዲፍራክሽን ሹል ፒኮችን ብቻ ቆጥሮ በመካከል ያለውን ጉብታ «ባክግራውንድ» ብሎ ይጥለዋል። ፒዲኤፍ ጉብታውንም ጨምሮ ሁሉንም ይወስድና በፎርየር ቀመር ወደ ርቀት ይለውጠዋል። የሚወጣው ግራፍ በየርቀቱ ስንት የአቶም ጥንድ እንዳለ ይነግርሻል። አዳራሽ ሙሉ ሰው አለ እንበል፤ አንቺ የተሰጠሽ የሰዎቹ ፎቶ ሳይሆን በየሁለቱ ሰው መካከል ያለው ርቀት ዝርዝር ነው፤ ማን ከማን ጋር እንደሆነ ግን አልተጻፈም። ክሪስታል መሆን አይጠበቅበትም። ጥንካሬውም ድክመቱም ከዚህ ይመጣል።

ለዚህ ሥራ የመዳብ ማሽንሽ አይሆንም። ምክንያቱን ማስላት ትችያለሽ። ኪዩ የሚባለው መጠን 4 ፓይ ሳይን ቴታ ለሞገድ ርዝመቱ ሲካፈል ነው። ሳይን ከ1 ስለማይበልጥ በመዳብ ከ8.2 በላይ ፈጽሞ አትደርሺም። በግራፉ ላይ ሁለት ርቀቶችን ለመለየት የምትችዪው ልዩነታቸው ፓይ ለትልቁ ኪዩ ተካፍሎ ከሚገኘው ሲበልጥ ነው። በመዳብ 0.39 አንግስትሮም ማለት ነው፤ ጭቃ ነው። ሞሊብዲነም ቱቦ እስከ 17.7፣ የብር ቱቦ እስከ 22.5 ይወስዱሻል፤ በተግባር ትንሽ ዝቅ ብሎ። በሲንክሮትሮን ከፍተኛ ጉልበት ባለው ኤክስሬይ 25 የተለመደ ነው፤ 0.13 አንግስትሮም ይሰጥሻል።

እሱም ቢሆን ተአምር አይሠራም። በሄፕታዚን ውስጥ ያሉት የካርቦንና የናይትሮጂን ቦንዶች አጫጭሮቹ 1.33፣ ረዣዥሞቹ 1.39 አካባቢ ናቸው። ልዩነታቸው 0.06 ነው። እሱን ለመለየት ኪዩ ከ50 በላይ መሆን አለበት። ስለዚህ የመጀመሪያው ፒክ አንድ ሆኖ ይወጣል፤ ትራያዚን ቢሆንም ሄፕታዚን ቢሆንም ያው ይመስላል። ሁለተኛው ፒክ 2.3 እና 2.4 መካከል ይመጣል፤ እሱም ቀለበት መኖሩን ከመናገር አያልፍም። ወሬው የሚጀምረው ከ4 አንግስትሮም በላይ ነው፤ አንዱ ክፍል ከጎረቤቱ ጋር እንዴት እንደተያያዘ የሚታየው እዚያ ነው። ጽሑፎች ላይ ግን ሰው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፒኮች በቀስት አመልክቶ «ሞዴላችን ተረጋገጠ» ይላል። የተረጋገጠው ካርቦን ከናይትሮጂን ጋር መያያዙ ብቻ ነው!

የሽፋኖቹን መንሸራተት የምታዪውም በዚሁ ግራፍ ላይ ነው። ሽፋኖቹ እርስ በርስ በዘፈቀደ ከተንሸራተቱ፣ በአንድ ሽፋን ውስጥ ያሉት ርቀቶች ሹል ሆነው ይቀራሉ፤ ከሽፋን ወደ ሽፋን ያሉት ግን ይደበዝዛሉ። 3.25 ላይ ሹል ፒክ ብትጠብቂ አታገኚውም፤ ሰፊ ጉብታ ነው የምታገኚው። በተራው ዲፍራክሽን ላይም ምልክት አለው። እንዲህ ዓይነቱ ሽፋን የሚሰጠው ፒክ በዝቅተኛው ማዕዘን በኩል ቀጥ ብሎ ይነሳና በከፍተኛው በኩል ረጅም ጭራ ያወጣል። ዋረን ይህን እ.ኤ.አ. በ1941 ለካርቦን አስልቶታል። የፒክሽን ስፋት በሼረር ቀመር ወደ «የክሪስታል መጠን» ከመለወጥሽ በፊት ቅርጹን ተመልከቺ። ጭራ ካለው፣ ወይም ስፋቱ ከመንሸራተት የመጣ ከሆነ፣ የሼረሩ ቁጥር ትርጉም የለውም።

ፒዲኤፍ ስታሠሪ አደራ የምልሽ ጥቂት ነገር አለ። ባዶውን ቱቦ በዚያው ሁኔታ አስለኪ፤ ካርቦንና ናይትሮጂን ቀላል አቶሞች ስለሆኑ የቱቦው ድርሻ ከናሙናሽ ሊስተካከል ይችላል። ዱቄቱን አድርቀሽ አሽጊው፤ ያለዚያ 2.8 አካባቢ የውሃው ኦክስጅን ለኦክስጅን ርቀት ብቅ ይልና የቦንድ ጉድለት ነው ብለሽ ትጽፊያለሽ። ከመጀመሪያው ቦንድ በታች፣ ማለትም ከ1.2 አንግስትሮም በታች፣ ግራፉ ቀጥ ያለ ወደ ታች የሚወርድ መስመር መሆን አለበት። እዚያ ፒክ ካለ ማጽዳቱ አልተሳካም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ትልቁን ኪዩ ከ25 ወደ 22፣ ከዚያ ወደ 20 እያወረድሽ ግራፉን ደግመሽ አውጪው። ዳታው ድንገት ስለሚቆረጥ የሚፈጠሩ የውሸት ሞገዶች አሉ፤ በ25 በየ0.25 አንግስትሮሙ ይመጣሉ። ኪዩን ስትቀይሪ ቦታቸውን የሚቀይሩት ፒኮች ውሸት ናቸው። ያልተንቀሳቀሰው እውነት ነው። አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፤ ያደረገው ሰው ግን ጥቂት ነው።

ግራፉ ከወጣ በኋላ ሞዴል ማወዳደር ይመጣል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሠራው አንድ ሞዴል መርጦ እስኪገጥም መወጠር ነው። አንቺ ቢያንስ ሦስት አቅርቢ። ፍጹሙን መረብ፣ የሜሎን ሰንሰለቱን፣ ከትራያዚን የተሠራውን። ለእያንዳንዱ ጥቂት መቶ አቶም ያለው ቁራጭ ሠርተሽ ዲባይ እ.ኤ.አ. በ1915 ባወጣው ቀመር መበተኑን አስዪ፤ ቀመሩ ድግግሞሽ አይጠይቅም፣ የአቶሞቹን ርቀት ብቻ ነው የሚፈልገው። ከዚያ ሽፋኖቹን እያንሸራተትሽ፣ ሰንሰለቱን እያሳጠርሽ ሞክሪ። አንዱ ሞዴል ገጠመ ማለት ብዙም ትርጉም የለውም። ሌሎቹ ሁለቱ ምን ላይ እንደወደቁ፣ በስንተኛው አንግስትሮም ላይ እንደሳቱ ስታሳዪ ነው ገምጋሚ የሚያምንሽ።

«ሪቨርስ ሞንቴ ካርሎ» የሚባለውንም ሰው ይመክርሽ ይሆናል። ማክግሪቪና ፑስታይ እ.ኤ.አ. በ1988 ያስተዋወቁት ዘዴ ነው። ኮምፒውተሩ በሺህ የሚቆጠሩ አቶሞችን እያነቃነቀ ግራፉ እስኪገጥም ይሄዳል። ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ግን ቁጥሩን እይው። ኪዩ 25 ሆኖ ከ1 እስከ 20 አንግስትሮም ድረስ ያለሽ ዳታ የሚይዘው ነጻ መረጃ 25 በ19 ተባዝቶ ለፓይ ሲካፈል ነው፤ 151 ገደማ። አምስት ሺህ አቶም ያለው ሳጥን ደግሞ 15 ሺህ ያልታወቁ ቁጥሮች አሉት። በ151 መረጃ 15 ሺህ ነገር አይወሰንም። ስለዚህ የቦንድ ርዝመትን፣ ማዕዘንን፣ የጎረቤት ቁጥርን ካላሰርሽበት፣ ፕሮግራሙ ከዳታው ጋር የሚስማማውን ሥርዓት አልባውን ምስል ያወጣልሻል። ቆንጆ ፊቲንግ፣ ውስጡ ግን አምስት ቦንድ ያለው ካርቦን! ለዚህ ነው የንጥረ ነገር ትንተናውንና ኤንኤምአሩን ያስቀደምኩት፤ ማሰሪያው የሚመጣው ከነሱ ነው።

ሞዴል መግጠሙ እንዴት እንደሚያታልል ከራሱ ከካርቦን ናይትራይድ ታሪክ አንድ ምሳሌ ልስጥሽ። እ.ኤ.አ. በ2008 በቀለጠ የሊትየምና የፖታሲየም ክሎራይድ ውስጥ በጣም ክሪስታል የሆነ ካርቦን ናይትራይድ ተሠራ። ፒኮቹ ሹል ነበሩ። የተሰጠው መዋቅር ከሄፕታዚን የተሠራ ግራፊቲክ መረብ የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ነገሩ እንደገና ሲታይ ሌላ ሆኖ ተገኘ። ከትራያዚን የተሠራ መረብ ነው፤ በቀዳዳዎቹና በሽፋኖቹ መካከል ሊትየምና ክሎራይድ ተቀምጠዋል። ዛሬ ፖሊ ትራያዚን ኢሚድ የምንለው እሱን ነው። ልብ በይ፣ ይህ የሆነው በሹል ፒኮች ላይ ነው። ያንቺ ሁለት ፒክ ብቻ ነው ያለው።

ቲታኒየም ኦክሳይድ ላይ የምትሠሩ አንባቢዎችም ስለምትኖሩ ለናንተ አንድ ሁለት ቃል። መንገዱ ያው ነው፣ መሣሪያው ግን ይቀየራል። ቲታኒየም ከባድ ስለሆነ በኤክስሬይ ጎልቶ ይታያል፤ የምትፈልጉት የቲታኒየም ለቲታኒየም ርቀት ነው። በአናቴዝ (አንዱ የቲታኒየም ኦክሳይድ ክሪስታል ዓይነት) ጠርዝ የሚጋሩት 3.04፣ ጫፍ የሚጋሩት 3.79 አንግስትሮም ላይ ናቸው። በሩታይል (በሌላው ዓይነት) 2.96 እና 3.57። ሥርዓት በሌለው ኦክሳይድ ውስጥ እነዚህ ሁለት ጉብታዎች የት እንዳሉና ምጣኔያቸውን ስታዩ ቅርቡ ሥርዓት ወደየትኛው እንደሚያደላ ይገባችኋል። ኒውትሮን ካገኛችሁ ደግሞ ቲታኒየም ኒውትሮንን የሚበትነው በተቃራኒ ምልክት ነው፤ ኦክስጅን ግን በአዎንታዊ። የቲታኒየምና የኦክስጅን ፒክ ወደ ታች ተገልብጦ ይወጣል፤ ከሌላው ጋር አይምታታም። በኒውትሮን ካርቦንና ናይትሮጂንም በደንብ ይለያሉ፤ 6.65 እና 9.36 ፌምቶሜትር ናቸው። ጠላቱ ሃይድሮጂን ነው፤ ባክግራውንዱን ያጥለቀልቀዋል።

የኤክስሬይ መመጠጥ ልኬቱም ለቲታኒየም ይሠራል። ከጠርዙ (መመጠጡ ድንገት ከሚዘልበት ጉልበት) በፊት የምትመጣው ትንሽ ፒክ ቲታኒየሙ ስድስት ጎረቤት ሲኖረው ደካማ ናት፤ አራት ወይም አምስት ሲሆኑ ትጎላለች። የዚሁ ልኬት ክፍል ከሆነው ከኤክሳፍስ የሚወጣውን የጎረቤት ቁጥር ግን በጥርጣሬ ያዙት። ቁጥሩና የአቶሞቹ መወዛወዝ በፊቲንጉ ውስጥ ስለሚደጋገፉ ከ10 እስከ 20 በመቶ ስህተት ብርቅ አይደለም። «5.4 ጎረቤት አለ፣ ስለዚህ የኦክስጅን ጉድለት አለ» የሚል ዓረፍተ ነገር ሳይ የስህተቱን መጠን ፍለጋ ነው የምወርደው።

ጉድለት ከተነሳ አይቀር፣ ኤክስፒኤስን (በኤክስሬይ ተመትተው ከገጹ የሚወጡ ኤሌክትሮኖችን የሚለካውን) በተመለከተ የሚያናድደኝ ነገር አለ። ኦክስጅን 531.5 ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ሲያሳይ «የኦክስጅን ጉድለት» ተብሎ ይጻፋል። የጎደለ አቶም ኤሌክትሮን አይለቅም! እዚያ ያለው አብዛኛውን ጊዜ በገጹ ላይ የተቀመጠ ሃይድሮክሲልና ውሃ ነው። በካርቦን ናይትራይድም እንዲሁ፤ ኤክስፒኤስ የሚያየው የላይኛውን ጥቂት ናኖሜትር ስለሆነ ከአየር የተለጠፈው ካርቦን ምጣኔሽን ያዛባዋል። ካርቦን ለናይትሮጂኑን ከሱ አታውጪ። ኢፒአርም ያልተጣመረ ኤሌክትሮን መኖሩን ይነግርሻል እንጂ ከየትኛው ጉድለት እንደመጣ በራሱ አይናገርም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር። እስካሁን ያነሳኋቸው ልኬቶች በሙሉ ማለት ይቻላል አማካይ ነው የሚሰጡት። ሥራውን የሚሠራው ግን አማካዩ ላይሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ የሆነውን ጥቁሩን ቲታኒየም ኦክሳይድ እይው። በ20 ባር ሃይድሮጂን፣ 200 ዲግሪ ላይ ለቀናት ሲቆይ ነጩ ዱቄት ጠቆረ። ውስጡ ያው አናቴዝ ነበር፤ የተዛባው 1 ናኖሜትር ያህል የሚሆነው የላይኛው ሽፋን ነው። ተራው ዲፍራክሽን ብቻውን ቢጠየቅ «አናቴዝ» ብሎ ያልፍ ነበር። ያንቺ ዱቄት ውስጥም ሃይድሮጂን የሚወጣበት ቦታ የሰንሰለት ጫፍ ወይም የፕላቲነም ጠርዝ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መዋቅሩን ወሰንሽ ማለት የሚሠራውን ቦታ አገኘሽ ማለት አይደለም። ሁለቱን በጽሑፍሽ ውስጥ አታጋቢያቸው፤ ገምጋሚው ቀጥሎ የሚይዝሽ እዚያ ላይ ነው።

በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ቦታውን በቀጥታ ማየት አይቻልም ወይ ትዪኛለሽ። ለኦክሳይድ በጥንቃቄ ይቻላል። ካርቦን ናይትራይድ ግን በጨረሩ ሥር ቶሎ ይበላሻል። መጠኑን ዝቅ አድርገሽ ካልሠራሽ የምታዪው ያቃጠልሽውን ነው። ዲፍራክሽኑ በሰከንዶች ውስጥ እየደበዘዘ መሆኑን ካየሽ ምስሉን ማስረጃ አድርገሽ አታቅርቢ።

ለገምጋሚው የምትመልሺውን በተመለከተ፣ እኔ ብሆን ሥዕሉን አወጣው ነበር። በምትኩ እንዲህ የሚል አንቀጽ ጻፊ፦ የካርቦን ለናይትሮጂን ምጣኔው ይህን ያህል ነው፣ ኤንኤምአሩ ሄፕታዚንና ኤንኤች መኖሩን ያሳያል፣ የ6.8 አንግስትሮሙ ርቀት ከፍጹሙ መረብ ጋር አይስማማም፣ ስለዚህ ናሙናው ሽፋኖቹ የተንሸራተቱ የሜሎን ዓይነት ሰንሰለት ነው። «ግራፊቲክ ካርቦን ናይትራይድ» የሚለውን ስም ከፈለግሽ አቆዪው፤ ሰው ስለለመደው ነው በይ። ለዚህ አንቀጽ ሲንክሮትሮን አያስፈልግም። ማስተርስሽን ለመጨረስ ይበቃል ባይ ነኝ።

ሰንሰለቶቹ በምን ያህል ርቀት ሥርዓት እንደሚያጡ በቁጥር መናገር ከፈለግሽ ግን ፒዲኤፉን አሠሪው። እንግሊዝ ያለው የዳይመንድ ሲንክሮትሮን አይ15-1 የሚባለው መስመር ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ነው። ሃምቡርግ ያለው የፔትራ 3 ፒ02.1ም በሰፊው ይሠራበታል። ውጤቱን ለሚያሳትም ተመራማሪ የልኬት ጊዜው ክፍያ አይጠየቅበትም፤ ማመልከቻው ግን ውድድር አለበት። አመልካቹን የሚለየው ደግሞ «መዋቅሩን ማወቅ እፈልጋለሁ» ማለቱ ሳይሆን «እነዚህን ሁለት ሞዴሎች ከ4 እስከ 15 አንግስትሮም ባለው ክልል መለየት እፈልጋለሁ» ብሎ፣ የሁለቱን ስሌት ጎን ለጎን ማስቀመጡ ነው።

ዱቄቱን ስትልኪ ከየትኛው ባች እንደሆነ ጻፊበት። ሃይድሮጂኑን የለካሽበት ያው ባች ይሁን፤ ሜላሚን ክዳን ባለውና በሌለው ዕቃ ሲሞቅ እንኳ የሚወጣው ይለያያል። ከብርሃኑ ሥራ በኋላ የተረፈውንም አጥበሽ፣ አድርቀሽ፣ በሌላ ቱቦ አብረሽ ላኪ።